ከፒካፗ ሥር የነበረው ሳቅ

«ወይኔ ልጄን! አባት አጣህ እኮ!» አሉ ጎማ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ገና ከበር ሲገቡ። እጃቸውን ዘርግተው የሄዱት በቀጥታ ወደ መርፌው ነበር። አንገቱን አቅፈው ተንሰቀሰቁ። መርፌውም ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ፀጉር ሠሪዋ ከጎኑ ተቀምጣለች። የሞተው የእሷ አባት ነው። መርፌው ባሏ ነው፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ይህን ቅጽል ያወጣለት አማቱ ነበር። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጠራርገው ሲያበቁ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«አንቺም ያጽናሽ፣ ልጄ።»

«አንቺም» የምትለዋ «ም» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ የሚገባው ጎኑን አጥብቦ ነው። የአባቷ አሮጌ ፒካፕ በጠባቡ ግቢ፣ ልክ በሩ ፊት፣ ኋላዋ በእንጨት ጉማጅ ተደግፎ ቆማለች። አባቷ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘውን የተጣመመ አክስልና ክብደቷን የሚሸከሙትን የተሰበሩ ባሌስትራዎች ፈቶ ባወጣበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ በዚያው አልተነሳም። ከተገለበጠ መኪና የተገኘው ሌላ አክስልና አዲሶቹ ባሌስትራዎች ሸራ ለብሰው ግድግዳው ሥር ተኝተዋል።

ከፀጉር ሠሪዋ ኋላ ሁለት ጎረቤቶች ሻይ ይዘው ያንሾካሹካሉ።

«ልጁ ማለት እኮ እሱ ነው። ከወለደውም ይበልጥበታል።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ሲሳሳቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ የለ!»

ያንን ሳቅ እሷም ታውቀዋለች። ምሳ ይዛ ስትመጣ ከመኪናዋ ሥር የሚታየው አራት እግር ነው። ሁለቱ የአባቷ፣ ሁለቱ የባሏ። የአንድ ሰው እግር ይመስል አብሮ ይንቀጠቀጣል። «ምሳ ደርሷል» ስትል ሳቁ ቀጥ ይላል፤ አባቷም ኮስተር ብሎ ይወጣል።

ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ ተደብቃ ከመኪናዋ ሥር ገብታ ነበር። አባቷ እግሯን ይዞ ጎትቶ አወጣት። «ወይዘሪት፣ ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም» አለና ቧንቧው ጋ ወስዶ መዳፏ እስኪቀላ በሳሙና አሻት። ከዚያ ወዲያ ቦታዋ በረንዳው ላይ ያለች ወንበር ሆነች። «መፍቻ አቀብል» የሚለው ሰው እንኳ ሲያጣ ራሱ ተነስቶ ይወስዳል እንጂ እሷን አይጠራም። ኋላ፣ ሠርጓ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ መዶሻና ጉጠት የማይለየውን ባሏን «መርፌው፣ ና እስቲ ያዝልኝ!» ሲለው ሰማች። ልጅነቷን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችው ቃል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ከግቢው የብረት ድምፅ ሰማችና ወጣች። መርፌው የአባቷን ቱታ ለብሶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ባሌስትራ ይጎትታል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሰው መግቢያ አጣ። ደግሞ ጀምረነው ነበርና ልጨርሰው ብዬ…»

«ጀምረነው? እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው አለ።»

«ይስማ! አውልቀው! የኔ አባት እንጂ ያንተ አይደለም። ለቅሶዬን ወሰድክብኝ፤ አሁን ደግሞ ልብሱን?»

አንዱ ለቀስተኛ ሻዩን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። መርፌው ቱታውን አወለቀ፤ እንደ ሙያው ስፌቱን ከስፌቱ ገጥሞ አጠፈና የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀመጠው። በካናቴራ ቆሞ ቀረ።

ማዕድ ቤት ውስጥ የአባቷ እህት ብርጭቆ ታጥባለች። «ጉድ አፈላሽ፣ ልጄ» አለች ቀና ሳትል። «ቅናት ነው የያዘሽ።»

«በገዛ ባሌ ልቀና፣ አክስቴ?»

«ቅናት መቼ ዘመድ ይመርጣል?» አክስትየዋ እጇን አደራረቀች። «እናትሽ የሞተች ጊዜ ወገኖቿ ሊወስዱሽ መጡ። ‹ሴት ልጅ በግሪስ አታድግም› አሉት። ‹አንዲት ጠብታ ካገኛችሁባት ውሰዷት!› ብሎ ማለ። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ በየጊዜው እየመጡ ጥፍርሽን ያዩ ነበር።»

ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እሺ፣ ካደግሁ በኋላስ? ማን ይወስደኝ ነበር?»

«እሱን እንጃ። ወንድሜ አንዴ የፈራውን ነገር መተው አያውቅበትም።»

ምክንያቱን አወቀች፤ ቅናቷ ግን አልለቀቃትም። ጭራሽ ባሰባት። እሷን ያራቃት ፈርቶ ከሆነ፣ ያንን ሁሉ ሳቅ ያለ ፍርሃት የወሰደው ሌላ ሰው ነዋ!

ወደ ግቢው ስትመለስ መርፌውን ባሌስትራው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱን ሳታይ ጠየቀችው።

«ከሥር ሆናችሁ ስለ እኔ ምን ይልህ ነበር?»

አንድ ደግ ውሸት እንደሚፈልግላት ጠበቀች። እሱ ግን ጥቂት አሰበና «ስለ አንቺ አያወሩም ነበር» አለ።

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን አንስቼ ነበር። ‹ሥራ ላይ ነን› አሉኝ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሳቅ ምን ነበር?»

«እኔ ነኛ። ብሎን የሚያስረውን ዳዶ ያጠበቅሁ መስሎኝ ስፈታ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ግንባራቸው ላይ ጣልኩት። እሳቸው ሲሰድቡኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። የሚሰድበኝ አባት ኖሮኝ አያውቅም።»

ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ተናደደች። «እኔን ሰድቦኝ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። እኔም በዚህ እቀናብሽ ነበር።»

«አንተ? በኔ?»

«አንቺ የምትመጪበት ሰዓት ሲቃረብ ያጫውቱኝ የነበሩት ሰውዬ ጥለውኝ ይነሳሉ። እጃቸውን በሳሙና፣ ከዚያ በአሸዋ፣ እንደገና በሳሙና ይታጠባሉ። ጥፍራቸውን በስንጥር ያጸዳሉ። ከኔ ጋር ግን በዚያው በግሪስ እጃቸው ዳቦ ቆርሰው ይሰጡኛል። አንድ ቀን ታጥበውልኝ አያውቁም።»

እሷም ከኮፈኑ ላይ ቱታውን አንስታ ለበሰችው። ሰፋት። መርፌው ጎንበስ ብሎ የቱታውን እግር ጠቀለለላት።

ባሌስትራዎቹን ከፊትና ከኋላ ማንጠልጠያቸው ላይ ሰቀሉ። አክስሉን እያንከባለሉ ከሥር አስገቡት። እሷ አክስሉን የሚያነሳውን ክሪክ ስትነቀንቅ እሱ በጀርባው ተኝቶ ከታች ይመራታል። «ትንሽ… ትንሽ… ቁሚ!» የባሌስትራው እምብርት፣ የመሐሉ ብሎን፣ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ግጥም አለ። መርፌው የስፌት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ግራና ቀኙን ለካ።

«እሱ በዚህ ነበር የሚለካው?»

«እሳቸው በዐይናቸው ነበር። እኔን ግን ‹አንተ ዐይን የለህም፣ ለካ!› ይሉኛል።»

ጎባጣዎቹን ብሎኖች አስገብተው ዳዶዎቹን አጠበቁ፤ ጎማዎቹን አሰሩ። የፍሬኑ ቱቦ ለሌላ ቀን ቀረ። የእንጨቱን ጉማጅ አውጥተው መኪናዋን ከክሪኩ አውርደው፣ ክብደቷ መሬት ላይ ሲያርፍ ዳዶዎቹን ዳግም አጠበቁ። ለቀስተኞቹም ተነስተው፣ ጎማ ጠጋኙም አሉበት፣ ሆ ብለው ገፍተው ከግድግዳው አስጠጓት። መግቢያው ተከፈተ።

ሰዉ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ፒካፗ ኋላዋን ሰቅላ ቀረች፤ አዲስ ባሌስትራ ጭነት እስኪያይ እንዲሁ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ወጥታ የጭነት ሳጥኗ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ መሐሉ ላይ ተቀመጠች። እግሯን አንጠለጠለች። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

መርፌው ጨርቅ ይዞ ከታች ቆሟል፤ ዐይኑ ቀልቷል፤ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ አይመስልም።

ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና በመዳፏ አጠገቧን መታ መታ አደረገች። ወጥቶ ተቀመጠ። ከሥራቸው ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎም ረጋ።