ጥያቄ የማያበዛው ሲስተም

ስንዱ ለቤቷ ኮምፒውተር ልትገዛ ደሴ ፒያሳ ወዳለው የእንድሪስ ሱቅ ስትገባ፣ ኮምፒውተር የሚያሠሩ ሦስት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ኮምፒውተሩን መምረጥ አላስቸገራትም፤ ሁሉም ጥቁር ነበሩ። እንድሪስ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በክንዱ ጠረገና ወደ አግዳሚው ጠቆመ።

«አሁን ደግሞ ከነሱ አንዱን ይምረጡ፣ እትዬ ስንዱ። ያለ ሲስተም ዕቃው ቆርቆሮ ነው። የመረጡት አብሮዎት ቤት ይገባል።»

«እስከ መቼ?»

«ዕቃው እስካለ ድረስ።»

ስንዱ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ሃያ ስምንት ዓመት መድኃኒት ቤት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሕመሙን ሳያወራ አይገዛምና ጆሮዋ ዝሎ ነበር። ቤት ስትገባ ደግሞ ባሏ ይመር ይጠብቃታል። ይመር በደሴና በአሰብ መካከል ሃያ ሦስት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ መንገዱ ሲዘጋ በአፉ መንዳት ጀመረ። ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ጎማውን በሣር ጠቅጥቆ የገባበትን ቀን ያወራል። ኤሊዳር ላይ አስፋልቱ መሃል ተኝታ አልነሣም ያለችውን ግመል ያወራል። ባቲ ላይ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ብቻዋን የተሳፈረችውን ልጅ ያወራል። ጨርሶም እንደገና ይጀምራል።

ኮምፒውተሩ የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው። «ወሬህ ለልጅ ልጆች ይቀመጥ፣ ለሱ ንገረው» ብላዋለች። እውነቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ዝም ብሎ እንዲውልላት መፈለጓ ነበር።

ከሦስቱ አንዷ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ወይዘሮ ነበረች። «ቤትሽ ያለው ዕቃ በሙሉ የኔ ዘመድ ካልሆነ አልመጣም» አለች። ስንዱ ቤት ያለው ዕቃ የማንም ዘመድ ስላልነበረ እሷ ወዲያው ቀረች።

ሁለተኛው ክርኑ የተጣፈ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። «እኔ በነፃ ነው የምመጣው» አለ። «ግን እጠይቃለሁ። ዕቃ ከማንሣቴ በፊት ‹ኮፒ ላድርገው ወይስ ከት?› እላለሁ። ኮፒ ካሉኝ ዋናው ባለበት ይቀራል፤ ከት ካሉኝ ዋናው ራሱ ይሄዳል። ሁሉን ነገር እንደዚህ እጠይቃለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ቤቴ አንድ ተናጋሪ አለኝ፤ ይበቃኛል» አለች ስንዱ።

ሦስተኛው ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «እኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። ጥያቄ አላበዛም» አለ። ስንዱ እሱን መረጠች። ሰውየው ተነሥቶ ሻዩን ጨለጠና ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ተከተላት።

መኝታ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ተዘጋጀለት። ከስክሪኑ ጀርባ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አይበላም፤ ብርድ ልብስም አልፈለገም። አንዳንዴ እኩለ ቀን ላይ «ራሴን ላድስ ነውና እንዳትነኩኝ» ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ሲነቃ መነጽሩን ሌላ ኪስ ውስጥ ያገኘዋል። ከዚህ በቀር ነውር የለበትም።

ይመር ለመጀመሪያው ቀን ተላጭቶ ካፖርቱን ለበሰ። «ሰውየው ይሰማኛል ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«እስከ መጨረሻው ይሰማሃል።»

«እስከ መጨረሻው!» አለ ይመር። ፊቱ በራ።

በየማለዳው እየገባ ነገረው። ስንዱ በሩ ተዘግቶ፣ የራዲዮኗን ድምፅ ቀንሳ ቁጭ ማለት ቻለች። ቤቷ ጸጥ ሲል የሰዓቱ ቆጠራ እንኳ ይሰማ ነበር። ደስ አላት።

በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ላይ፣ በራዲዮ የግመል ነገር ተነሣና «ይኸው ያንተዋ ግመል» አለችው።

«የምን ግመል?» አለ ይመር።

የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው፤ አልቀለደም። ስንዱ እንጀራዋን ጠቀለለች። አንድ ወሬ ቀነሰ ስትል በልቧ አሰበች፤ ለማንም አልተናገረችም። ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ ስታንገበግባት የኖረችው ይህቺ ዝምታዋ ናት።

ኅዳር ሲገባ ይመር የሚናገረው አለቀ። አንድ ቀን አብረው ገበያ ሲሄዱ ተሳቢ ያለው መኪና አጠገባቸው አለፈ። ይመር ክንዷን ይዞ ወደ አጥሩ ተጠጋ። «ምን የሚያህል ነገር ነው!» አለ። «እንዲህ ያለውን የሚነዳ ሰው አለ?»

ስንዱ ከገበያው መንገድ ተመልሳ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ገባች።

«የባሌን ወሬ ኮፒ ነው ያደረግኸው ወይስ ከት?»

«ከት ነው» አለ ሲስተሙ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«የከለከለኝ የለም። ካልተነገረኝ እንደ ልማዴ እሠራለሁ።»

«መልስለት።»

«ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ባለቤቱ መሆኑን የማረጋግጥበት አንድ ጥያቄ አለ። የመጀመሪያ መኪናውን ምን ብሎ ይጠራት ነበር?»

ተከትሏት የመጣው ይመር ከበሩ ላይ ሆኖ አሰበ። «መኪና ነበረኝ እንዴ?» አለ።

የመኪናዋ ስም ከወሬዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ነበር። ሲስተሙ ለስንዱ ሦስት ሙከራ ፈቀደላት፤ ከዚያ በኋላ ቦርሳው እንደማይከፈት አስታወቃት። ስንዱ ያን ስም ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ይመር የሚጠራው ግን ሁልጊዜ ወሬው መሃል ሲደርስ ነበር፤ ያኔ እሷ ሽንኩርት ልትከትፍ ተነሥታ ትሄዳለች።

«ንግሥት» አለች።

«አይደለም።»

«እርግብ።»

«አይደለም።»

ከዚያ በዝግታ፣ እያፈረች፣ «ስንዱ» አለች።

«ተቃርበው ነበር» አለ ሲስተሙ፤ ቦርሳውንም ቆለፈ።

በማግስቱ ወደ እንድሪስ ሱቅ ሄደች። አግዳሚው ባዶ ነበር። ሹራብ የለበሰውን ሲስተም አንድ የሐይቅ ከተማ አስተማሪ እንደወሰደው እንድሪስ ነገራት።

«ሌላ አይመጣም?»

«ይመጣል፤ ግን የሌላውን ቦርሳ አይከፍትም፣ እትዬ። ዕቃው እስካለ ድረስ ያልኩዎት ለዚህ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ይመር ጨዋ እንግዳ ሆነ። አልጋውን ራሱ ያነጥፋል። መስኮት ከመክፈቱ በፊት ያስፈቅዳል። ሳህን ስታቀርብለት ብድግ ብሎ «አይድከሙ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረ ሰው እርስዎ ሲላት ስንዱ ሳህኑን አስቀምጣ ጓሮ ወጥታ ትቆያለች።

ወሬዎቹን ራሷ ልትነግረው ሞከረች።

«ሙሽራዋ ባቲ ላይ ተሳፈረች። ብቻዋን። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።»

ይመር ወንበሩን አስጠጋ። «እሺ። የት ወረደች?»

«አላውቅም።»

«ግመሏስ?»

«ተኛች። መነሣቷን አላውቅም።»

«አዝናለሁ» አለ ይመር፤ የእውነቱን ነበር።

ስንዱ መጨረሻውን የምታውቀው የራሷን ወሬ ብቻ ነበር። ስለዚህ የራሷን ትነግረው ጀመር። ኮምቦልቻ አባቷ ወፍጮ ቤት እንደነበረው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እህል እየሰፈረች እንደምታግዘው፣ ፀጉሯ ከዓመት ዓመት ዱቄት እንደነበር ነገረችው። አንድ ቀን ለራዲያተሩ ውሃ የሚለምን ረጅም ሾፌር በራቸውን እንዳንኳኳም ነገረችው። ይመር አንድም ጊዜ ከወንበሩ ሳይነሣ ሰማት። በሕይወቷ እንዲህ ሆኖ የሰማት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይመር ራሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው» አለ። «ኮምቦልቻ። እህሉን የምሰፍረው እኔ ነበርኩ።»

ስንዱ ልታርመው አፏን ከፈተች። ወፍጮ ቤቱን በዓይነ ሕሊናዋ ፈለገችው፤ የቤቱ በር በየት በኩል እንደነበር አጣችው።

«ቀጥል» አለችው።

«አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ረጅም ሾፌር ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዟል።» ይመር እጁን ወደ መላጣው ሰዶ የሌለ ሹሩባ ወደ ኋላ መለሰ። «ውሃ ቀዳሁለት። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ስሙን ነገረኝ።»

ስንዱ ወንበሯን አስጠጋች።

«ማን ነኝ አለሽ?» ብላ ጠየቀችው።

ይመር እንደ ኮረዳ አንገቱን ሰብሮ፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ። በጣቶቹ መሃል ነጭ ዱቄት ቀስ እያለ ጭኑ ላይ ይወርድ ነበር።