መስታወቱ ውስጥ የቀረው ረቂቅ

ጸሐፊዋ ጠዋት ቢሮ ገብታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጉዷ ፈላ። ማኅተም ያረፈበት ንጹሑ ማስታወቂያ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ትናንት ከሥራ ስትወጣ እየተጣደፈች የለጠፈችው ምን ነበር?

የገቢዎች ቢሮው ኃላፊ ረቂቅ የሚያርመው በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ይሰርዛል፣ ከላይ ይጽፋል። በዚህኛውም «አዲስ የሱቅ ግብር» የሚለውን ሰርዞ «የጽዳት አገልግሎት ክፍያ» ብሎበታል። አርፎ መቀመጥ መቼ ያውቅና! ከዳር ደግሞ «ግብር ካልነው ምክር ቤት ያጽድቀው ይሉናል፤ ክፍያ በሉት» ብሎ ጨምሮበታል። ለጽዳቱ አንድ መጥረጊያ እንኳ አልተገዛም። ይህን እያወቀች ነው የተየበችው። ምን ታድርግ? ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿ የሚበሉት በዚችው ደመወዝ ነው።

ረቂቁንና ንጹሑን አንድ ፋይል ውስጥ ደርባ የመያዝ ልማድ ነበራት። ይኸው፣ የፈሩት ይደርሳል፤ የላይኛውን መዝዛ ለጥፋዋለች።

ንጹሑን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ላብ አጥምቋታል። ባለሱቆች መስታወቱ በቁልፍ የሚዘጋው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ተኮልኩለዋል። ሽማግሌው ጥበቃ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል።

«አባባ፣ በእናትዎ፣ የመስታወቱን ቁልፍ ይስጡኝ! በስህተት የተለጠፈ ነው!»

«የቱ ነው ስህተቱ ልጄ? የተሰረዘው ነው ወይስ ከላይ የተጻፈው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ልቅሶ ነው የመጣባት፤ ኃላፊው በሩን አልፎ ሲመጣ አይታዋለችና።

ኃላፊው ወረቀቱን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «‹የኔ ጽሑፍ ነው፣ ራሴ ነኝ የሞነጫጨርኩት› በያቸው። አለዚያ ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ። ልጆችሽን አስቢ» አላት።

እንዳዘዛት ልትል ነበር፤ አፏንም ከፍታ ነበር። ግን አጠገባቸው የቆመችው ክርና የልብስ ቁልፍ ሻጭ ሹክሹክታውን ሰምታ ኖሮ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። የምከፍለው ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

ጸሐፊዋ ኃላፊውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ ሴትዮዋን ብቻ አየች።

«ግብር ነው» አለቻት። «ጽሑፉም የኃላፊያችን ነው።»

ኃላፊው ወደ ላይ ወጣ። ጥበቃው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፤ መልሰው ከተቱት። እሷ የሰሌዳውን እግር ጨብጣ ቆመች። ንጹሑ ማስታወቂያ እጇ ውስጥ በላብ ርሶ ተጨማዷል። ልጆቿ ምሳ ሊበሉ ሲመጡ ምን ብላ እንደምትነግራቸው አታውቅም።