የፈረጠው ቫሬኒኪ

ኃይለ ልዑል ምድር ቤት ካለው ትቬትስቱጋ፣ ከጎረቤቶች የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ያጠበውን ልብስ ይዞ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ሚስቱ ወርቅውሃ ከመነጽሯ በላይ አየችውና፣

«ደግሞ የማጠቢያ ሰዓታችንን ማን ወሰደብን?» አለችው።

«ማንም። እታች ፎቅ የገባችው ዩክሬናዊት ሴትዮ እዚያ ነበረች። ደህና አደርሽ ብላት ልብሷን ሰብስባ ጥላኝ ወጣች።»

«በምን ቋንቋ ነው ደህና አደርሽ ያልካት?»

ኃይለ ልዑል የያዘውን ልብስ ሶፋው ላይ ጣለው። በሩሲያኛ ነበር።

በወጣትነቱ ዩክሬን ውስጥ፣ ካርኪቭ ከተማ፣ የአፈር ሳይንስ ሲማር ትምህርቱም ወሬውም በሩሲያኛ ነበር። ስዊድን መጥቶ፣ በሙያው ሠርቶ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስም ቋንቋውን እንዳይጠፋበት ሲንከባከበው ኖሯል። ሴትዮዋ ግን ከሩሲያ ቦምብ ሸሽታ ልጇ ዘንድ የመጣች ናት። «ምን ነካኝ?» እያለ ሳሎኑን ሲዞር ዋለ።

«አንተ በራሷ ቋንቋ ልታናግራት አትችልም?» አለችው ወርቅውሃ።

«የወጥ ቤት ዩክሬንኛ ብቻ ነው የማውቀው።»

ወርቅውሃ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያልሰማችውን ያን ቀን ሰማች። የተማሪዎች ማደሪያው ምግብ አብሳይ ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች፤ ሩሲያኛ አይሆንላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች በስስ ሊጥ እየሸፈነች በውሃ የምትቀቅለውን ቫሬኒኪ ስትሠራ፣ ኃይለ ልዑል የሊጡን ጠርዝ እየገጠመ ያግዛት ነበር። ለድካሙም ሳህን ሙሉ ታቀርብለታለች።

«አንተ? ሊጥ?» አለች ወርቅውሃ። ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ ወጥ ቤት የማይገባ ሰው ነው።

«ሠርቼ እወስድላታለሁ» አለ ቆፍጠን ብሎ።

አርብ ዕለት ሽርጥ አሸርጦ ገባ። ጾም ስለሆነ ቅቤ የለም፤ ድንቹን ቀቅሎ ደቆሰና በዘይት የተጠበሰ ሽንኩርት ደባለቀበት። ሊጡን ዳምጦ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እያደረገ ቆረጠ። ወርቅውሃ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ዕድሜ ልካቸውን ብዕር የያዙት ጣቶች ሊጡን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ሲያደርጉ፣ የማታውቀው ጎረምሳ ወጥ ቤቷ የገባ መሰላት። ምላሷን ቢበላትም አስተያየት አልሰጠችም።

ውሃው ሲንተከተክ ጨመራቸው። ወዲያው አንዱ አፉን ከፈተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ድስቱ ሙሉ የድንች ሾርባ ሆነ።

«በቃ፣ ረስቼዋለሁ» አለ ጭልፋውን እንደያዘ።

ወርቅውሃ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ከሁሉም የባሰበትን አንዱን መርጣ በሳህን አወጣችና፣ በቤት ጫማዋ ደረጃውን ወረደች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሴትዮዋ ነበረች። ወርቅውሃ ሳህኑን ዘረጋችላትና በስዊድንኛ፣

«ጎረቤትሽ ነኝ። ባለቤቴ ቫሬኒኪ ሠራሁ ይላል። እውነት ይሄ ቫሬኒኪ ነው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳህኑን አየች፣ ወርቅውሃን አየች፣ እንደገና ሳህኑን አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወርቅውሃ ያስለቀሰቻት መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር።

«አይደለም» አለች ሴትዮዋ ገና በምትማረው ስዊድንኛ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ይሄ የመኪና አደጋ ነው።»

ስሟ ሃሊና ይባላል። ወርቅውሃ «ኅሊና» ብላ ያዘችው፤ በእኛም አገር ሴት ልጅ እንዲህ ትባላለች እያለቻት ይዛት ወጣች።

ኃይለ ልዑል ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሽንኩርት ብድግ አድርጎ፣ «ጺቡሊያ!» አለ።

ሃሊና ቀጥ ብላ ቆመች። ሽንኩርት በሩሲያኛ ሌላ ስም አለው፤ ይሄ የእሷ ነው።

«ካርቶፕሊያ» አለ ድንቹን እያሳየ። ቀጥሎም ሊጡን፣ «ቲስቶ»።

«ከማን ተማርከው? የገጠሯን አክስቴን ነው የምትመስለው» አለች በስዊድንኛ።

«ከምግብ አብሳያችን።»

ሃሊና እጇን ታጥባ ድንቹን በጣቷ ነካ አደረገች። ትኩስ ነው፤ መቀዝቀዝ አለበት አለች። ዘይት ጠርዙን ከነካው ደግሞ ሊጡ አይያያዝም። ውሃውም እንዲህ መቆጣት የለበትም። ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው እንደገና ጀመሩ። ሳምቡሳ ያለማመዳት ወርቅውሃ ወዲያው ቻለችበት፤ ኃይለ ልዑል ከሁለቱ ሴቶች እኩል ለመሄድ ላብ በላብ ሆነ።

«ባለፈው እዚያ ታች ያልኩሽ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ተምሬበታለሁ» አለች ሃሊና፣ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሳ። «አሁን ግን አፌ እምቢ ይለኛል። አንተን አይደለም የሸሸሁት።»

ኃይለ ልዑል ዱቄቱን ወደ እሷ ጠጋ አደረገላት።

በዚህኛው ዙር አንድም አልፈረጠም። ሆዳቸውን ነፍተው ከውሃው በላይ ብቅ ብቅ አሉ። ሃሊና ቀላ ያለ ሽንኩርት ከነዘይቱ አፈሰሰችባቸው። ወርቅውሃ የመጀመሪያውን ጎርሳ፣ ለስላሳው ሊጥ ምላሷ ላይ ሲሟሟ፣ «ጾም እንዲህ ከሆነ ማን ይፈስካል!» አለች፤ ባሏ ይሄን በስዊድንኛ ለማስረዳት ብዙ ደከመ።

ሃሊና ለልጇ በሳህን ይዛ ስትወርድ ኃይለ ልዑል እስከ በሯ ሸኛት። ተመልሶም እጅጌውን ሰብስቦ ዕቃ ማጠብ ጀመረ። ወለሉ ዱቄት፣ ምድጃው ድንች በድንች ሆኗል፤ ወርቅውሃ ግን ወንበሯን ወደ መስኮቱ ስባ ተቀመጠች።

«ሳምንት ደግሞ በጎመን እንሠራለን ብላለች» አለ ድምፁን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ።

«እሺ» አለች ወርቅውሃ እግሯን ዘርግታ። «ጎመኑን አንተው ትገዛለህ።»