በአባስ ማልልኝ

ባሌ ቻሲብ የዚያን ቀን ፍርድ ቤት የሄደው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። መጥሪያው ከደረሰው ጀምሮ አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ስኳሬን እያለ ተጋድሞ ከርሟል። «ተነስ» አልኩት። «አሮጊቷ ሳትሰማህ አትሞትልህም። ሂድና ያንኑ የፈረደበትን ቃል ተናግረህ እንገላገል።»

እኔ የማውቀው ቃል አንድ ነው። ከኢራን ጋር ስንዋጋ ቻሲብ ከባስራ በስተምሥራቅ፣ ጨው ሜዳው ላይ አሥር አለቃ ነበር። አንድ ሌሊት ጓደኛው ዛሚል ወደ ጠላት ከዳ። ሲሄድ ያየው ቻሲብ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ የያኔው መንግሥት የዛሚልን እናት፣ ተስዋሂንን፣ «የከሃዲ እናት» ብሎ ለቅሶ እንዳትቀመጥ ከለከላት። መንግሥቱ ወደቀ፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ። ሰፈሩ ለሠርግ አይጠራት፣ ለቀብር አይጠራት። አሁን በስተርጅና ደግሞ «ልጄ ሜዳ ላይ ሞቷል ብላችሁ ፍረዱልኝ፤ ሳልሞት ለቅሶዬን ልቀመጥ» ብላ አመለከተች። ከባሌ ሌላ ምስክር የላትም።

መብራት ሄዶ ስለነበር ችሎቱ ምድጃ ሆኗል። ዳኛው ወጣት ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ፍቺና ውርስ ሲሰማ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። ቻሲብን ቁርዓን አስጨብጦ አስማለው።

«ዛሚል የት ሄደ?»

«ወደ እነሱ።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«አየሁት። ሌላ የማውቀው የለም።»

እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ለመውጣት ተመቻችቻለሁ። ተስዋሂን አግዳሚውን ተደግፋ ተነሳች።

«ልጄ ዳኛው፣ ይሄ ሰውዬ በአላህ ነው የማለው?»

«አዎ እናቴ፣ ሰምተሽዋል እኮ።»

«በአላህማ ዓሣ ሻጩም ይምላል፤ የትናንቱን ይዞ ዛሬ ከወንዝ ወጣ ሊለኝ። አላህ ቻይ ነው፣ ይታገሰዋል። በአባስ ይማልልኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ አለ። ሌሎቹ ዞረው ገላመጡት። እኛ ደቡቦቹ፣ የባስራ ሰዎች፣ ነገራችን እንዲህ ነው። አላህን እንፈራለን፤ ግን መሐሪ መሆኑንም እናውቃለንና እንዳፈረዋለን። አባስ ግን፣ ያ ጦር ሜዳ ላይ የተሰዋው የነቢዩ ወገን ቅዱስ፣ ቁጡ ነው። በስሙ በሐሰት የማለ ከመቃብሩ ደጃፍ ሳይወጣ አፉ ይጣመማል። የአክስቴ ባል በአንድ በግ ጉዳይ ምሎ ዓይኑ ጠፋ። ሐኪሙ «ስኳር ነው» አለ፤ ሐኪም ምን ያውቃል።

«እናቴ፣ ሕጉ የሚያውቀው በአላህ መማልን ብቻ ነው» አላት ዳኛው።

«ሕጉን ማን አስቸገረው። እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።» ወደ ባሌ ዞረች። «አንተ ቻሲብ፣ ቤቴ ገብተህ በልተሃል። ዓሣውን እሾሁን እየለቀምኩ አጉርሼሃለሁ። ልጅሽ ከድቷል በለኝና በአባስ ማልልኝ። ከዚያ በኋላ ካንተም፣ ከችሎቱም ጨርሻለሁ፤ የከሃዲ እናት እንደተባልኩ እቀበራለሁ።»

ዳኛው ሊያስቆማት ይችል ነበር። እሱ ግን ጸሐፊውን «ብዕርህን አስቀምጥ» ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። ደክሞታል መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ እሱም የእናቱ ልጅ ነው።

እኔ በሆዴ «ማልና እንሂድ» እላለሁ። እውነቱን ተናግሮ ከሆነ ምን ይፈራል? ቻሲብ ግን ሳይፈቀድለት ቁጭ አለ። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

«አልምልም» አለ።

«ለምን?» አለው ዳኛው።

«ዛሚል አልከዳም።»

ዳኛው ለጸሐፊው በጣቱ ምልክት ሰጠው፤ መጻፍ ጀመረ። «ፍርድ ሳይሰጥ ቃልህን ካረምክ ሕጉ ይቀበልሃል» አለው ዳኛው ባሌን። «ተናገር።»

ቻሲብ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ለቅኝት ሁለታችን ወጥተን ስንመለስ ተመታ። ከእሾህ ሽቦው ማዶ ወደቀ። እኔ ምሽግ ገባሁ። መቶ አለቃው ዛሚልስ? አለኝ። ወድቋል ብዬ ብነግረው፣ ሄደህ አምጣው ይለኛል። እንቅልፍ ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ እግሬ ጭቃ ውስጥ አብጧል። ደክሞኝ ነበር። ከድቷል አልኩት። የከዳን ሰው አምጣው የሚል የለም።»

ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር። በስህተት ገድዬው ነው ይላል ብዬ፣ መቶ አለቃው ሽጉጥ ደቅኖብኝ ነው ይላል ብዬ። ደክሞኝ ነበር! እኔስ አልደከመኝም? እሱ ጦር ሜዳ እያለ ሦስት ልጅ በደከመ ጉልበቴ አይደለም ያሳደግኩት? በዚያች ሰዓት ባሌን ጠላሁት፤ እዚያው እንደተቀመጠ ጥዬው ልወጣ ዳዳኝ።

«ወዲያው ሞተ?» አለች ተስዋሂን።

ቻሲብ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ብናደድም በዓይኔ «አዎ በላት» አልኩት። ዳኛውም ቢሆን አዎ እንዲል የፈለገ ይመስለኛል። አዎ ቢል ማን ይመረምረዋል? አሮጊቷ ግን ገባት።

«በአባስ» አለችው በቀስታ።

«ወዲያው አልሞተም። ጎህ እስኪቀድ ይጣራ ነበር።»

«ጓዶቻችሁ አልሰሙም?» አለው ዳኛው።

«ሰሙ። ግን ከድቷል ብያለሁ። ጠላት እያስጣራው ነው፣ ወጥመድ ነው አሉ። ማንም አልወጣም።»

ተስዋሂን የአባያ ልብሷን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እኔን ነው የጠራው?»

«አይደለም» አለ ቻሲብ። «እኔን ነው። በስሜ ይጠራኝ ነበር።»

ዳኛው ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰና ፈረደ። ዛሚል ሜዳ ላይ ሞቷል፤ ከሃዲ የሚለው ስም ከመዝገብ ይፋቅ። ያሸነፈች ሴት እልል ትላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ ተጫማችና ወጣች።

ደጅ ላይ ቻሲብ ታክሲ ሊያስቆም ወደ መንገዱ ሲሄድ እሷ ወደ እኔ መጣች። ስንት ዘመን ገበያ ውስጥ ሳገኛት በሌላ መደዳ የምዞርባት ሴት። ምን ልበላት? «አላህ ይዘንለት» አልኳት።

«ነገ ድንኳን እጥላለሁ» አለችኝ። «ሦስት ቀን። ባልሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበል።»

«ቻሲብ? እንደ ቤተሰብ?»

«ልጄ አባቱ ሞቷል፣ ወንድም የለውም። ማን ይቁምለት? እጁን ለጨበጠው ሁሉ ልጄ እንዴት እንደሞተ በገዛ አፉ ይንገር። ለሼኩም፣ ለሕፃኑም። የከሃዲ እናት እያሉ የሰደቡኝም ሲመጡ አንድ በአንድ ይንገራቸው።»

«እናቴ፣ ጉልበቱን ያመዋል» አልኳት። ምን እንዳናገረኝ እንጃ፤ አፈርኩ።

«ይመመው። ደክሞኛል እንዳይለኝ ብቻ።»

ታክሲው ውስጥ እሱ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ያለችውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ለጀርባው ነገርኩት። እምቢ ካለ ዛሬ ቤቱ እንደማልገባ፣ ልጄ ጋ እንደማድር ወስኛለሁ። ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን።

«ወንበር አላት?» አለ ሳይዞር።

«የምን ወንበር?»

«ለድንኳኑ ነዋ። ስንት ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ፣ ሰው ይበዛል።»

«ከየት ይኖራታል፤ አንዲት ሴት።»

እጁን አንስቶ ፊቱን ጠረገና ሾፌሩን በመስጊዱ በኩል ዞሮ እንዲሄድ፣ ወንበር የሚያከራየው ሰውዬ ሱቁን ሳይዘጋ እንዲያደርሰን ለመነው።