አባቴ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች

አባቴ በመጀመሪያው ምት መስተዋቱን አወረደው። በሁለተኛው የመቀስና የመላጫ መደርደሪያውን። ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ለመከለል ባነሳው ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ ጨርቁን አንገቱ ላይ እንዳሰረ እግሬ አውጪኝ አለ።

"እኔን ነው አጭበርባሪ ያስባልከኝ? እኔን?" ይጮኻል አባቴ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ የያዘው ያው የጥንቱ የጎማ መፍቻው ነው። ብርጭቆ መያዝ ያቃተው የሚንቀጠቀጥ እጅ ብረት ሲጨብጥ ቀጥ ማለቱ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ነገሩ የጀመረው የዚያን ቀን ጠዋት ነው። ስልኩን ስከፍት አባቴ በኢንተርኔት ቼዝ የሚጫወትበት አካውንት ተዘግቷል። "በኮምፒውተር እገዛ በማጭበርበር ለዘለቄታው ታግዷል" ይላል። አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አባቴ ወዲያው ጥፋተኛ አገኘ። ፀጉር አስተካካዩ በዚያው ገጽ የዘወትር ተጋጣሚው ነው። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እንደ ማሽን ነው የሚጫወቱት!" ብሎት ነበር። ያን ቀን አባቴ ደስታው እንቅልፍ ነስቶት አደረ። አሁን ግን ያችው ቃል ክስ ሆና ታየችው፤ መፍቻውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ወጣ።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፣ ጣቱም ስክሪን ላይ አይረጋም። ስለዚህ የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ አነብለታለሁ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ "ፈረሱን አምጣው" ይላል፣ እኔ እነካለታለሁ። የመርሳት ሕመም ከያዘው ወዲህ ግን የተበላች ንግሥት አንቀሳቅስ ይለኝ ጀመር። በተሸነፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ይውላል። ያን ማየት አልቻልኩም። በሌላ ስልክ ምርጡን እንቅስቃሴ የሚጠቁም የቼዝ ማሽን ከፈትኩና እሱ ፈረስ ሲል ማሽኑ ያለኝን መንካት ጀመርኩ።

"አየህልኝ?" ይላል ሲያሸንፍ።

"አየሁ አባዬ።"

አቤት ደስታ ሲያምርበት! ይህን ቤት ውስጥ ብናገር ኖሮ ያ ክንድ ባልተሰበረ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አራተኛው ምት ወደ ሰውየው ጭንቅላት ሲነሳ መሃል ገባሁ።

"አባዬ፣ እሱ አይደለም! እኔ ነኝ ያጭበረበርኩት! ማሽን እያየሁ ነበር የምነካልህ!"

ብረቱ እንደተነሳ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን ታቅፎ መሬት ላይ ያቃስታል።

"እሱን ያሸነፍኩትስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"እሱንም።"

"አንድ እንኳ የራሴ የለም?"

"ካመመህ ወዲህ የለም።"

ዓይኑን ወደ እጄ አወረደ። "የምትነካበት ጣት የቱ ነው?"

አመልካች ጣቴን የመስተዋት ስብርባሪ የሞላው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ማንም አላስገደደኝም።

"ጋሼ፣ ይተዉት! ልጅዎ እኮ ነው!" ብሎ የጮኸው ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ነው። አባቴ አልሰማውም፤ መታኝ።

ፀጉር አስተካካዩ አልከሰሰንም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ግን ፊቱን ያዞራል፤ እውነቱን ነው። አባቴ በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ረሳው።

"ጣትህን ምን አገኘው?" ይለኛል ፋሻውን እያየ።

"በር ተዘግቶብኝ ነው።"

"አይ አንተ ዝርክርክ!" ይስቃል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። "ያን ፀጉር አስተካካይ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ እንዴት እንዳሸነፍኩት ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ አባዬ" እለዋለሁ።