የብረት ነጋዴው ድግስና ሞክሼዎቹ

በዚያች ከተማ ስማቸው የታወቀ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ችግሩ የታወቀው ስም አንድ መሆኑ ነው። አንዱ ዘፋኝ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የኳስ በረኛ፣ አንዱ ደግሞ በሬዲዮ የአየር ትንበያ የሚያነብ ሰው። የአባቶቻቸው ስም እንኳ ሳይቀር አንድ ነበር። አያት ድረስ ወጥቶ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?

ከሦስቱ ክፉ ዕጣ የደረሰው ተንባዩ ነው። ዘፋኙን ሰው ይወደዋል። በረኛውም በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ኳስ በእግሮቹ መሃል ሾልካ ገብታበት «ወንፊት» የሚል ቅጽል ቢተርፈው፣ ነገሩ ስለቆየ ሰው እየሳቀበትም ቢሆን ይወደዋል። ተንባዩ ግን በየቀኑ አዲስ ጎል ይገባበታል። «ነገ ፀሐይ ነው» ያለ ዕለት ዶፍ ይወርዳል፤ «ጃንጥላ ያዙ» ያለ ዕለት ሰው ሁሉ ጃንጥላውን እንደ ከዘራ እየጎተተ በጠራራ ፀሐይ ሲራገም ይውላል። ትንበያውን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ የእሱ ሥራ የተሰጠውን ማንበብ ብቻ ነው። ይህን ግን ማን ይሰማዋል? ደግነቱ ሬዲዮ መልክ አያሳይም። ስሙን እስካልተናገረ ድረስ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል።

አንድ ጠዋት ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታ ይዞ ኖሮ በሙሉ ስሙ ጠራው። ከጎኑ ካለው ወንበር አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቀስ ብሎ ዞረ። ሚስማርና ማጠፊያ፣ ቆርቆሮና ጓጉንቸር የሚሸጥ ብረት ነጋዴ ነው፤ መዳፉ ራሱ አካፋ ያክላል።

«ማን ነው ያልከው?» አለ።

ስሙ ተደገመለት።

«ያ ‹ዝናብ የለም› ባዩ?»

ብረት ነጋዴው አምና ትልቋን ልጁን ሲድር፣ በትንበያው ተማምኖ ድንኳን ሳይተክል ሜዳ ላይ ነበር የደገሰው። የዚያን ዕለት የወረደው ዝናብ ኬኩን ሾርባ አድርጎት፣ የሙሽራውን እናት አንድ እግር ጫማ ይዞባት ሄዷል። ጫማው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሴትየዋም እስከ ዛሬ አልታረቀችም።

ተንባዩ ያንን መዳፍ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለሆነ እግሬ አውጪኝ ማለት አይቻልም።

«የለም ጋሼ፣ እሱ ሞክሼዬ ነው» አለ። «እኔ ዘፋኙ ነኝ።»

ዘፋኙ ያለ ጥቁር መነጽርና ያለ ሰፊ ባርኔጣ ታይቶ ስለማያውቅ፣ መልኩን የሚመሰክር አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ‹የሁለት ደንበኛ ነገር ምን አገባኝ› ብሎ መልሶ ገጠመው።

የብረት ነጋዴው ፊት በራ። «እግዜር ነው ያገናኘን። ቅዳሜ ትንሿን ልጄን እድራለሁ። ድንኳን ተክያለሁ፤ የጎደለኝ ዘፋኝ ነው። ትመጣለህ።» ጥያቄ አልነበረም። ትከሻውን መታ ሲያደርገው ተንባዩ ከነወንበሩ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ካውያዋን አቁማ አየችው።

«አንተ? ልጆቻችንን እሹሩሩ ስትል ጎረቤት ‹ምነው፣ የታመመ ሰው አለ?› ብሎ የመጣብን አንተ?»

«ምን ላድርግ፣ ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።»

«እንግዲያው ዘፋኙን ራሱን ሄደህ ለምነው። የሰው ዝና እንደ ኮት ተውሶ አይለበስም።»

ሄደ። ዘፋኙ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ሎሚ እየመጠጠ በሩን ከፈተ። ተንባዩ ማንነቱን ሊያስረዳ ሙሉ ስሙን ሲናገር፣ ዘፋኙ እጁን ዘርግቶ «እኔም» አለ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማና ሎሚውን አስቀመጠ።

«ሞክሼ፣ እዘፍንልሃለሁ። ግን እኔም የአንተን ያህል ተቃጥያለሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ ልብ የሚሰብር ዘፈን ስጀምር፣ ሁልጊዜ አንዱ ከኋላ ‹እግርህን ግጠም› ብሎ ይጮህብኛል። እኔ በሕይወቴ ኳስ ነክቼ አላውቅም። ወንፊትን አምጣልኝ። አጠገቤ ይቁምና ሰው ሁለታችንን ለይቶ ይወቅ።»

ተንባዩ አሁን ደግሞ ወደ በረኛው ቤት አቀና። ሽማግሌው ጓሮ ልብስ እያሰጣ ነበር፤ ተንባዩ ማንነቱንና የድግሱን ነገር ነግሮት ሳይጨርስ የሽማግሌው ስልክ ከሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አነሳና «አዎ፣ ይዘንባል» ብሎ ዘጋው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። «ይዘንባል» አለና ዘጋው።

«ማን ነው ጋሼ?» አለ ተንባዩ።

«የአንተ ሰዎች ናቸው። በስማችን አፈላልገው እኔን ያገኙኛል። መጀመሪያ ‹እኔ አይደለሁም› እል ነበር፤ ሰው ይከፋዋል። አሁን ‹ይዘንባል› እላለሁ፣ አመስግነው ይዘጋሉ።»

«ሁልጊዜ ይዘንባል?»

«ሁልጊዜ። ሳይዘንብ ቢቀር የሚቀየም አለ? እኔ አንድ ጊዜ ተዘናግቼ ያየሁትን አይቻለሁ።» ካልሲ ቆንጥጦ ሰቀለ። «ድግሱ ላይ ምግብ አለ?»

«ሞልቷል ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትለማመጠኛለህ?»

ቅዳሜ ሦስቱ ሞክሼዎች ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። የተንባዩ ሚስትም የክት ልብሷን ለብሳ መጥታለች፤ ይህ ጉድ እቤት ተቀምጣ እንዲያመልጣት አልፈለገችም። የታሰበው ተንባዩ ‹ጉሮሮዬን አሞኛል› ብሎ ዘፋኙን በምትኩ እንዲያቀርብ ነበር። ነገር ግን ብረት ነጋዴው አጠገባቸው ሳይደርስ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ነጠቀና ‹አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ሰው› ብሎ ስሙን ከነአባቱ ጠራ።

ዘፋኙ ለሥራው ተነሳ። ተንባዩ ከድንጋጤ ተነሳ። በረኛው የተጠራ ስለመሰለው ሹካውን እንደያዘ ተነሳ።

ሙሽራውም ተነሳ።

ምስኪን፣ ንግግር አድርግ የተባለ መስሎት ነው። ሙሽሪት ኮቱን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው፤ እሱ ግን ሦስቱን ሰዎች እያየ ተገትሮ ቀረ።

ብረት ነጋዴው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህ ልጅ ሊያገባት ሲመጣ፣ ስሙን ሰምቼ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እሱ ያውቃል። ከዚያ ዝናብ ወዲህ ይህ ስም ሲነሳ ካልሲዬ የራሰ ነው የሚመስለኝ። አሁን በአንድ ድንኳን አራት?» ወደ ጠረጴዛው መጣ። «ከእናንተ ውስጥ ያ ተንባይ ማነው?»

ዘፋኙ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳበ። በረኛው ከልማዱ «ይዘንባል» አለ። ሙሽራው አማቱን ለማስደሰት ብቻ ‹እኔ ነኝ› ሊል አፉ ሲንቀሳቀስ፣ የተንባዩ ሚስት የጎረሰችውን ሳትውጥ እጇን አወጣች።

«የኔው ነው» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ተንባዩ ዞረ። ሰማይና ምድር ተደበላለቀበት፤ የትኛው የት እንዳለ ቢጠየቅ በዚያች ሰዓት አይነግራችሁም ነበር። «እኔ የማነበው የተጻፈልኝን ነው ጋሼ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ብረት ነጋዴው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ስለዚህ ዘፋኝ አይደለህም።»

«አይደለሁም።»

«ዝፈን።»

ተንባዩ ማይክሮፎኑን ተቀበለ፤ ምን ምርጫ አለው? የመጣለትን ዘፈን በመጣለት ዜማ ጀመረው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሕፃን ለቅሶ አስነካው። ጆሮዋ የማይሰማ የሙሽሪት አክስት ብቻ አጨበጨበችለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዘፋኙ እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ጉንጩን ያዘ፤ ሦስተኛው ላይ አልቻለም፣ ሮጦ ማይክሮፎኑን ከእጁ ነጠቀና እሱው ቀጠለ። ልክ ድምፁ ከፍ ሲል፣ እንደተለመደው አንዱ ከኋላ «እግርህን ግጠም» አለ።

በረኛው ሹካውን አስቀምጦ ቆመ። አፉን ጠረገ፣ ሁለት እግሮቹን ገጠመ፣ እጅ ነሳ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ፤ ለዘፋኙም ለሙሽሮቹም ያን ያህል አልተጨበጨበም። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ እጅ ነስቶ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲያጎነብስ ሰዎች ይዘው አስቀመጡት።

ብረት ነጋዴው ግን ገና በተንባዩ ዘፈን ስቆ አልጨረሰም ነበር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ዝናቡ ይሻል ነበር» እያለ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ትንሽ ይቆይና እንደገና ይስቃል። ሲወጣለት ተንባዩን አጠገቡ አስቀምጦ በራሱ እጅ ሥጋ ቆረጠለት።

በማግስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ደጅ ላይ ቆሞ ያንን ስም ጠራ። እዚያው ካደሩት ውስጥ አራት ሰው መጣ፤ አንደኛው ገና የሙሽራ ሱሪውን አላወለቀም።

«እንዲህ ከሆነስ ጥሩ ስም ነው» አለ ብረት ነጋዴው፣ የሚሸከሟቸውን ወንበሮች እያሳያቸው።