ወይራው ላይ የተሰቀለው ደወል

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እሳቱ ዳር ቦታ አለ። ስለ ካምፓኒሌ ላውጋችሁ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የደወል ማማ።

አንድ ዓመት ላይ የምድር መንቀጥቀጥ ማማውን ጣለው። ደወሉ ግን ሳይሰነጠቅ ወጣ። ቄሳችን ዶን ኡባልዶ፣ «አዲስ ማማ እስኪሠራ» ብለው ጋጣ ውስጥ ጭድ ላይ አስቀመጡት። እንደታመመ በሬ ተኝቶ ከረመ።

በመከር ወንድሜ ሳቢኖ እንጉዳይ ሊለቅም ጫካ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። የኛን ጉም ታውቁታላችሁ፣ የገዛ እጅህን ይውጥብሃል። ድሮ ደወል ይደወል ነበር፤ ጫካ ያለ ሰው ድምፁን ይዞ ይገባል። አሁን ዝም። ከገደሉ ማዶ ያለው የጎረቤት መንደር ደወል ብቻ በጉሙ ውስጥ እንደ ሕልም ይንሳፈፋል። እሱን የተከተለ ደግሞ ገደል ነው የሚገባው።

«አባ፣ ደወሉን ወይራው ላይ እንስቀለው» አልኳቸው።

«ዛፍ ላይ? እንደ ፍየል ቃጭል?» አለ አናጢው ሮኮ። «የማዶዎቹ በሳቅ ይሞታሉ!»

«ይሙቱ! ወንድሜ ከሚሞት!»

«ሳቢኖ የነሱን ደወል ተከትሎ ቢሄድስ?» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ሳቢኖ? እሱ ከነሱ ደወል ገሃነም ይመርጣል!» አለ ሮኮ። እየፈራንም ሳቅን።

ዶን ኡባልዶ ደወሉን ዳሰስ አደረጉት። «ካምፓኒሌ የሚለው ስም ከካምፓና ነው የመጣው፤ ደወል ማለት ነው። ካምፓናም ከዚሁ ከአገራችን ከካምፓኒያ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ጥንት በነሐስ ሥራዋ የታወቀች ነበረች። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ድንጋይ የለም፤ ከፍታም የለም። ያለው ደወሉ ነው። ሮኮ፣ ገመድ አምጣ!»

ሰቀልነው። ገመዱን እኔ ሳብኩ። ድምፁ እንደሚተረተር የሱፍ ክር ጉሙ ውስጥ ገባ። እጄ ዛለ፤ «ልተካሽ» ቢሉኝም አልሰጥ አልኩ።

ሲመሻሽ አንድ ጥላ መጣ፤ ቅርጫት ያዘለ ጥላ። ሳቢኖ!

«የነሱ ደወል ሲጠራኝ ቁጭ አልኩ» አለ። «በነሱ ደወል ቤቴ ልግባ እንዴ? የኛን ስሰማ ነው የተነሣሁት። ግን ማማው መቼ ተሠራ? በጉሙ ውስጥ አየሁት እኮ፤ ነጭ፣ ረጅም።»

ሁላችንም ቀና ብለን ወይራውን አየን። ሮኮ ባርኔጣውን አወለቀ።

አሁን አዲሱ ማማ ቆሟል፤ ያምራልም። የወይራው ቅርንጫፍ ግን እስከ ዛሬ እንደጎበጠ ነው። በዚያ ስታልፉ፣ ልጆቼ፣ እሱንም ካምፓኒሌ ብላችሁ አስታውሱልኝ፤ አደራ።